የካልሲየም ብልቃጥ የሐኪም መድኃኒትን አይተካም

ይህን የምጽፈው ከራሳችን ሰዎች ጋር ለመሟገት ነው። በሞያሌም ሆነ በኢስሊ ከልብሱና ከሽቶው ጎን የካልሲየም ብልቃጥና የኮላጅን ዱቄት ደርድረን እንሸጣለን። መሸጡ ባልከፋ። ነገር ግን «ለአጥንት ጥሩ ነው» ካልን በኋላ አንድ ነገር እንጨምራለን፦ «ይህን ከወሰድሽ የሐኪም ኪኒን አያስፈልግሽም።» ሰው የምታሰብረው ይህቺ ጭማሪ ናት።

ሐኪሞች ኦስቲዮፖሮሲስ የሚሉት የአጥንት መሳሳት ስብራት እስኪመጣ ድረስ ድምፅ የለውም። የወር አበባ ሲቆም ኤስትሮጅን ይቀንሳል፤ ከሚገነባው አጥንት የሚፈርሰው ይበልጣል። በዓለም ላይ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሦስት ሴቶች አንዷ፣ ከአምስት ወንዶችም አንዱ በዚሁ ምክንያት ስብራት ያጋጥማቸዋል። እኛ ግን ወገባችን ሲጎብጥ «ብርድ መታኝ» እንላለን፤ ቀሚሳችን ሲረዝምብን ልብስ ሰፊውን እንወቅሳለን። ቁመት ማጠሩ የአከርካሪ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረን የለም።

ካልሲየም ለቤት ሥራ እንደሚቀርብ ድንጋይ ነው። ከጎደለ መቅረብ አለበት። ከግድግዳው ድንጋይ የሚነቅለውን ግን አያስቆምም። አሌንድሮኔትና መሰሎቹ የሚገቱት ይህን አፍራሽ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ቀድሞ የአከርካሪ ስብራት በነበረባቸው ሴቶች ላይ አሌንድሮኔት በሦስት ዓመት ውስጥ አዲስ የአከርካሪ ስብራትን በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። ልብ በሉ፦ መድኃኒቱን ያልወሰዱትም አብዛኞቹ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይሰጣቸው ነበር። ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒቱ ነው።

«መንጋጋ ያበሰብሳል፣ ጭን ይሰብራል» የሚለውን ወሬ እኔም እሰማለሁ። ፈጠራ አይደለም፤ ሁለቱም ጉዳቶች አሉ፣ ግን ብርቅ ናቸው። የመንጋጋው ችግር በብዛት የታየው ለካንሰር ከፍ ያለ መጠን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው። የጭኑ ደግሞ መድኃኒቱ ለብዙ ዓመታት ሲወሰድ ይጨምራል። ለዚህ ነው ጥርስን አስቀድሞ ማሳከም፣ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላም «ልቀጥል ወይስ ላቁም?» ብሎ ሐኪም መጠየቅ የሚያስፈልገው። ነጋዴ ኪሳራ የሚመዝነው ከትርፉ ጋር ነው። ዳሌዋ አንዴ የተሰበረ ሴት ዳግም ኬላ መሻገሯ ያጠራጥራል። ይህን ትቶ የመድኃኒቱን ጉዳት ብቻ መቁጠር የአንድ ወገን ሒሳብ ነው።

የመድኃኒቱ ምርጫ ግን ከኑሯችን ጋር መግጠም አለበት። ሳምንታዊው የ70 ሚሊግራም አሌንድሮኔት ጠዋት በባዶ ሆድ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል። ከዚያ ለ30 ደቂቃ ምግብ፣ ቡና፣ ወተት ወይም ካልሲየም አይቀመስም፤ መጋደምም የለም፣ የምግብ ቧንቧን ያቆስላልና። ኪኒኑን ውጦ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ማንቀላፋት የለም። በጾም ወራት ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መነጋገር ይገባል።

በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የዴኖሱማብ መርፌ ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ካቋረጡት አጥንቱ በፍጥነት ይሳሳል፣ ብዙ የአከርካሪ አጥንቶችም በተከታታይ ሊሰበሩ ይችላሉ። መቀመጫውም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። በጋላፊ ሙቀት በሻንጣ ተጭኖ የመጣ መርፌ በርካሽ ቢሸጥልሽ አትግዢ። ቀጣዩን መርፌ የት እንደምታገኚ ሳታውቂም የመጀመሪያውን አትወጊ። በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ ለመንገደኛ ይመቻል፤ እሱም ኩላሊት ከተመረመረ በኋላ ነው።

«ኪኒኑን ከዋጥኩ ሌላው ምን አገባኝ» የሚሉትም አልተሻሉም። ኪኒን ከአይሱዙ ላይ ከመውደቅ አያድንም። በሌሊት በነጠላ ጫማ ጭነት ላይ መውጣት፣ ጎንበስ ብሎ ኩንታል መጎተት ለሳሳ አከርካሪ አደጋ ነው። መራመድ፣ እግርን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ፀሐይ መሞቅ፣ ሲጋራና ሺሻን መተው፣ መጠጥ መቀነስ የመድኃኒቱ አጋሮች ናቸው። ምግቡም በእጃችን ነው። በመተማ በኩል ሰሊጥ በኩንታል እየሸጥን ካልሲየም በብልቃጥ ከዱባይ እናስመጣለን! ያልተፈተገ ሰሊጥ፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ፣ በፍስክ ወተት፣ ኬንያ ያላችሁ ደግሞ ከነአጥንቱ የሚበላው ኦሜና አለላችሁ። በቀን ከ1000 እስከ 1200 ሚሊግራም ካልሲየም በምግብ ካልሞላ ብቻ ጉድለቱን በኪኒን መሙላት ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ «ማወፈሪያ» እና «የቁርጥማት» እየተባለ በየሱቁ የሚቸበቸበው ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ነው። ለወራት ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል። በአንድ እጅ አጥንት የሚበላ ኪኒን፣ በሌላው እጅ ካልሲየም የሚሸጥ ሰው ከደንበኛው ሁለቴ ያተርፋል። ሲወስድ የቆየ ግን በድንገት አያቁም፤ አደገኛ ነውና ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሰው።

እንግዲህ ብልቃጡን መሸጥ ተዉ አላልኩም፤ «ሐኪም አያስፈልግሽም» ማለቱን ተዉ። ዴክሳሜታዞኑን ግን ከመደርደሪያችሁ አውርዱ። ከ50 ዓመት በኋላ በቀላል መውደቅ አንጓዋ፣ ወገቧ ወይም ዳሌዋ የተሰበረ ደንበኛ ስትመጣ ከወጌሻው አልፋ ሐኪም ዘንድ እንድትደርስ ንገሯት። የአጥንት መለኪያ መሣሪያ በከተማዋ ባይኖር እንኳ የወገብ ወይም የዳሌ ስብራቱ ራሱ ለሐኪም በቂ ማስረጃ ነው። ዛሬ አንድ ብልቃጥ ሳንሸጥላት ብንቀር፣ ነገ በእግሯ ተመልሳ የምትመጣ ደንበኛ ትበልጥብናለች።