ኢንች አትግዙ

ለወንጪ ሐይቅ ጀልባ ባለ 9 ኢንች የካርታ ስክሪን እንግዛ ብሎ መዋጮ የሚጠይቀኝ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አምቦ ቡና ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን እየነካካ፣ «ይኼኛው ሰፊ ነው፣ ይኼኛው ደግሞ በጣት ይሠራል» እያለ ፎቶ የሚያሳይ ሞልቷል። ስለ ካርታው ግን አንድም ሰው ሲጠይቅ አልሰማሁም። ወገኖቼ፣ የምትገዙት ቴሌቪዥን አይደለም!

ይህ ቻርት ፕሎተር የሚባለው ዕቃ ሦስት ነገር በአንድ ሳጥን ነው፤ ያለህበትን ቦታ የሚነግር ጂፒኤስ፣ ከጀልባዋ ሥር ድምፅ እየላከ ማሚቶው የሚመለስበትን ጊዜ ቆጥሮ ጥልቀት የሚለካ ሴንሰር፣ እና የውሃው ካርታ። ዋናው ካርታው ነው። ያለ ካርታው እዚህ ነህ ይልሃል እንጂ እዚህ ምን እንዳለ አይነግርህም። እዚህ መሆንህንማ ሐይቁ ላይ ያለውን የቂርቆስን ደሴት አይተህ ታውቀዋለህ፤ ለዚህ ዶላር አያስፈልግም።

ዘመዴ የሆነ አንድ ልጅ ሚኒሶታ ይኖራል። እዚያ የእኛ አገር ሰው ብዙ ነው፤ ሐይቁም እንደዚያው። ግዛቲቱ 10,000 ሐይቆች ብላ በመኪና ታርጋዋ ላይ ታትማለች። ልጁ እጁ አይሰስትም፤ ለወንጪ ልጆች ብሎ አንዱን ሰፊ ስክሪን በሻንጣ ላከ። ጀልባዋ ላይ ገጠምነው፣ ከባትሪ አገናኘነው፣ በራ። ሚል ላክስ የተባለውን የሚኒሶታ ሐይቅ ወለል ከነጉብታው ከነስርጓዱ ያውቀዋል። ወንጪ መሃል ግን የጀልባዋ ምልክት ምንም ባልተጻፈበት ሰማያዊ ቀለም ላይ ቁጭ አለ። ቀዛፊው አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ውሃውን አየና «ጋሼ፣ የእኛ ውሃ አልተመዘገበም ማለት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ዕቃው አልተበላሸም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነውና የአሜሪካን ሐይቆች ይዞ መጣ። እዚያ የግዛቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የሐይቆቿን የጥልቀት ካርታ ለጠየቀ ሁሉ በነጻ ይሰጣል፤ ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ ሽማግሌ ሳይቀር ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየዋል።

የእኛስ አልተለኩም? ተለክተዋል እንጂ! ተመራማሪዎች ወንጪ ጥልቁ ቦታ ላይ 107 ሜትር ገደማ፣ ከጊንጪ በላይ ያለው ደንዲ ደግሞ 56 ሜትር ገደማ መሆኑን ለክተው ጽፈዋል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የሳይንስ መጽሔት ውስጥ ነው፤ ጀልባ ነጂው ደግሞ ውሃው ላይ ነው። የሚያገናኛቸው ጠፋ። ነገሩ የቆየ ነው። ግራብሃምና ብላክ የተባሉት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 ጣናን ያጠኑት ለታንኳ ቀዛፊ አዝነው አይደለም፤ ውሃው ተገድቦ ለሱዳንና ለግብፅ እንዴት ይጠቅማል ብለው ነው። ጣሊያንም በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ወደ ጣና የጥናት ቡድን ልኮ ነበር። ውሃችንን ሲለካ የኖረው ሌላ ጉዳይ ያለው ሰው ነው። እኛ ማታ ማታ ስለ ቀይ ባሕር ስንከራከር እናመሻለን፤ ደንዲ ግን ሁለት ሐይቅ ተጣብቆ የ8 ቁጥር ቅርጽ የያዘ ውሃ ሆኖ ሳለ፣ መጋጠሚያው ላይ ስንት ሜትር እንዳለው ከመካከላችን የሚናገር የለም።

ስለዚህ ዕቃ ልትመርጡ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ሳጥኑ ራሱ ካርታ ይሠራል ወይ? የሚሠሩ አሉ። ጀልባዋ በዝግታ ሐይቁን እንደ ማሳ ትልም በትልም እያረሰች ስትመላለስ፣ መሣሪያው ቦታውንና ጥልቀቱን አጣምሮ የጥልቀት መስመሮችን እዚያው ስክሪኑ ላይ ይስላል። አምራቾቹ ስሙን ይለያዩበታል፤ ጋርሚን ኩዊክድሮው፣ ሃሚንበርድ አውቶቻርት ላይቭ፣ ሎራንስ ሲማፕ ጄኔሲስ ላይቭ ይለዋል። ይህን ለማድረግ 9 ኢንች አያስፈልግም። እንዲያውም የጋርሚን ስትራይከር ፕላስ ምንም ዝርዝር ካርታ ሳይጫንበት የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ግን ኩዊክድሮው አለው። አሥራ ሰባት ሺህ የሰው አገር ሐይቅ ከተጫነበት ስክሪን ይልቅ ለወንጪ ይኼ ድሃ ዕቃ ይሻላል። ጉድለቱ ባለ 4 ኢንቹ ካርድ ማስገቢያ የሌለው መሆኑ ነው፤ የሠራችሁት ካርታ ሳጥኑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ሳጥኑ ውሃ ገባ ማለት ልፋታችሁ ሰመጠ ማለት ነው። እንግዲህ ትንሽ ገንዘብ ጨምሩና የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ያለው፣ ከ5 እስከ 7 ኢንች የሆነ ግዙ። ከሎራንስ ሞዴሎች አንዳንዶቹ የሴንሰሩን ጥሬ ቅጂ ካርድ ላይ ይጽፋሉ፤ ያንን ሌላ ሶፍትዌር ከፍቶ ካርታ ሊያወጣበት ይችላል። እኔ ብሆን ገንዘቤን የማወጣው እዚህ ላይ ነው። «ሞዴሉ ሁሉንም ይሠራል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ጥሬ ቅጂ ካርድ ላይ ይጽፋል ወይ ብላችሁ አፋጥጡት። ከተንተባተበ ውጡ።

በጣት የሚሠራውንም ተዉት። ወንጪ ውሃው ራሱ ወደ 2,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ካፊያው አያባራም። እርጥብ ጣት የንክኪ ስክሪንን ያሳብደዋል። ቁልፍ ያለው ይሁን። (በዚህ ከፍታ ሞተሩም ሩብ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል፤ ጀልባዋ ሰነፈች ብላችሁ ነጂውን አትቆጡት።) ባትሪውን ደግሞ ለብቻው አድርጉለት፤ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ከነፊውዙ። ከሞተር ማስነሻው ባትሪ ጋር ካገናኛችሁት ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ስክሪኑ ሊጠፋ ይችላል። ሴንሰሩም ከፕሮፔለሩ አረፋ ራቅ ተደርጎ ይታሰር፤ አረፋ ያየ ሴንሰር የሚያወጣው ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው።

አሁን ስለ ገደሉ ልናገር፤ ስለ እሱ የሚያወራ ሻጭ ገጥሞኝ አያውቅም። ወንጪም ደንዲም የእሳተ ገሞራ አፍ ናቸው፤ ዳርቻቸው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የሴንሰሩ ድምፅ ወደ ታች ሲወርድ እየሰፋ ይሄዳል። 20 ዲግሪ የሚሰፋ ሴንሰር 100 ሜትር ላይ ሲደርስ 35 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሸፍናል። ከዚያ ክብ ውስጥ መጀመሪያ የሚመለሰው ማሚቶ ከጎን ካለው ገደል የነጠረው ነው፤ እናም መሣሪያው በጀልባዋ ሥር ካለው ያነሰ ጥልቀት ይናገራል። በዚህ የተሠራ ካርታ ገደሉን ተዳፋት ያስመስለዋል። ስለዚህ ጠባብ ድምፅ ምረጡ፤ 83 ኪሎኸርዝ ሳይሆን 200። ሌላም አለ፤ ከፋብሪካ ለባሕር ተስተካክሎ የመጣ ከሆነ ወደ ጨው አልባ ውሃ ቀይሩት። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ እንደ ወንጪ ባለ ቀዝቃዛ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ግን ወደ 1,450 ገደማ ይወርዳል። ትንሽ ትመስላለች፤ ወንጪ ጥልቅ ላይ ስትደርሱ ግን 3 ሜትር ገደማ ታሳስታችኋለች። ይህን ማስተካከያ ለመቀየር ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ የሚቀይረው ግን የለም፤ ሁሉም ኢንች እየለካ ነው።

«አባቶቻችን ያለዚህ ሁሉ ቂርቆስ ገብተው ወጥተዋል» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። ፀሐይ በወጣበት ቀን ከዳር ወደ ደሴቱ ለመሻገር ምንም አያስፈልግም፤ ቀዛፊው ከማንኛውም ሳጥን ይበልጣል። ግን ጉም ሐይቁን ሲውጠውስ? ማዕበል ተነስቶ ሰው ሲወድቅስ? መሣሪያው ላይ ሰው የወደቀበትን ቦታ በአንድ ንክኪ የሚመዘግብ ቁልፍ አለ። ጥሩ ነገር ነው። ግን የወደቀው ሰው ላይፍ ጃኬት ካልለበሰ፣ ቁልፉ የሚመዘግበው አስከሬን የሚፈለግበትን ቦታ ነው። ጎብኚ እንደ ጤፍ ኩንታል ጠቅጥቆ የሚጭን ጀልባ ላይ፣ ሁለት የተቀዳደደ ጃኬት ወንበር ሥር ተወሽቆ ሳለ፣ ስክሪን የሚገጥም ሰው አለ። ያበሳጫል! ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሏል፤ ሰው ከሩቅ ይመጣል። የመጣው እንግዳ መዋኘት ይችል እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ወንበር ጃኬት፣ ለሕፃንም በልኩ። የተረፈው ለሳጥኑ።

የመጨረሻው ጠብ የባለቤትነት ነው። ከእነዚህ ካምፓኒዎች አንዳንዶቹ የሠራችሁትን ካርታ ወደ እነሱ እንድትልኩ ይጋብዛሉ፤ ላኩልን፣ ከሌላው ጋር አዋህደን ለሁሉም እናካፍላለን ይላሉ። መላክ ነውር አይደለም። ነውሩ ለእነሱ ልኮ ለራስ ማጣት ነው። ልጆቹ በብርድ እየተመላለሱ ያወጡት ጥልቀት ባሕር ማዶ ባለ ኮምፒውተር ብቻ ተቀምጦ፣ ነገ ሌላ ብራንድ ሲገዙ እንደገና ከዜሮ ሊጀምሩ ነው። ካርዱ መጀመሪያ ይገልበጥ፤ አንዱ ቅጂ ጀልባ ነጂዎቹ ጋር፣ አንዱ አምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ጀልባ የሚቆጣጠረው የማሪታይም ባለሥልጣን ጋር ይቀመጥ። የደንዲም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱ ቢሮ «መጀመሪያ ደብዳቤ አምጡ» ያለ እንደሆነ ደብዳቤ ስትጽፉ አትክረሙ፤ ቅጂውን በፍላሽ ለጠየቀ ሁሉ በትኑት።