የሰኔው ቀለበት

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዕለተ ሰንበት ጠዋት፣ ጨረቃ ከምድር ርቃ መጠኗ አንሶ ስለ ታየ የፀሐይን ገጽ ፈጽማ ልትጋርደው ሳይቻላት ቀርታ፣ በላሊበላ ሰማይ ላይ ቀጭን የብርሃን ቀለበት ተገለጠ፤ በዛፍ ጥላ ሥርም በቅጠል መካከል ሾልኮ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ታናናሽ ቀለበት ሆኖ ተነጠፈ።

ይህ ግን ያለ ሥርዓት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ጨረቃ 223 ጊዜ ሠርቃ ስትፈጽም፣ ማለት ከ18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ያህል በኋላ፣ ሦስቱ አካላት ወደ ቀድሞ አሰላለፋቸው ስለሚመለሱ፣ ሰኔ 3 ቀን 1994 ዓ.ም. በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የታየው ግርዶሽ በ2012 ተመለሰ፤ ሰኔ 25 ቀን 2030 ዓ.ም. ደግሞ ይመለሳል፤ ሆኖም በትርፉ 8 ሰዓት ምድር የዙሯን ሲሶ ስለምትዞር፣ መንገዱ ወደ ምዕራብ ፈልሶ ከካሪብያን በኩል መጥቶ አፍሪካን ያቋርጣል።

ሊቃውንታችን በባሕረ ሐሳብ የ19 ዓመቱን ንኡስ ቀመር ሲያስተምሩ ኖረዋልና፣ ይህም የ18 ዓመቱ የግርዶሽ ዑደት ከአበቅቴው ጎን በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ እላለሁ። ሕፃናትም ግርዶሹን በባዶ ዓይን ቀና ብለው እንዳያዩ የማጣሪያ መነጽር ከወዲሁ ይታሰብላቸው፤ መነጽር ያጣ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ በመርፌ በተበሳ ወረቀት ምስሏን መሬት ላይ ያያል።