ልጅዎ በመኪና ቢገጭ፦ ከዕርቁ በፊት ሕክምናው



እዚህ ባቱ የሞጆ ሀዋሳው መንገድ ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል። ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ከባድ መኪናውና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ አንድ መንገድ ይጋራሉ። ልጅ ሲገጭ ታዲያ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ይህንን ነው፦ ልጁ ተነሥቶ ይቆማል፣ "ተመስገን፣ ምንም አልሆነም" ይባላል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ሾፌሩ ጥቂት መቶ ብር ይሰጣል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

እኛ ሐኪሞች ልጁን የምናገኘው ሌሊት ላይ ነው፤ ደጋግሞ ሲያስመልሰው ወይም ቀስቅሰውት አልነቃ ሲል። ጭንቅላት ውስጥ ወይም ከጣፊያና ከጉበት የሚፈስ ደም ለሰዓታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ሰዓት ሾፌሩ የለም፣ ሰሌዳውንም የያዘ ሰው የለም።

ሽምግልናን አልቃወምም፤ ባህላችን ነው። ነገር ግን መጠኑ ያልታወቀ ጉዳት መንገድ ዳር በገንዘብ አይቋጭም።

ብዙ ወላጅ "ድሃ ሾፌር ለምን አስቸግራለሁ?" ይላል። ቅን ሐሳብ ነው። ግን መድን የተገዛው ለዚሁ ቀን ነው፤ ለሾፌሩም ከኪሱ ከመክፈል ያድነዋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። ተጎጂም አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። አዋጁ ሲወጣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር፣ ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር ተወስኖ ነበር፤ የወቅቱን መጠን መድን ድርጅቱን ጠይቁ። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነ ደግሞ የመድን ፈንድ አለ።

ከዚህም በላይ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 መሠረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ። ክሱ ግን ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ስለዚህ አደጋ ሲደርስ፦

1. ልጁ ደህና ቢመስልም ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። አንገቱን አታንቀሳቅሱ፤ ሐኪም ሳያየው ምግብም ውኃም አትስጡት።
2. ሰሌዳውንና መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የመድን ምልክት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ።
3. ለትራፊክ ፖሊስ አሳውቁ። የፖሊስ ሪፖርትና የሕክምና ማስረጃ ከሌለ ካሳ መጠየቅ ይከብዳል።
4. ቤት ከተመለሳችሁም ቢያንስ 24 ሰዓት ተከታተሉት። ማስመለስ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ መንቀጥቀጥ ወይም የሆድ ሕመም ካለ ሳትዘገዩ ተመለሱ።

ዕርቁ ይደርሳል። ሽማግሌ ነገም ይገኛል፤ የሚደማ ጭንቅላት ግን ነገን አይጠብቅም።

ለሌሎች ወላጆችም አካፍሉ።