የማያውቁት ሻጭ አይናፍቅም

ዛሬ የኒውዮርክን ዋጋ ትቼ ስለ ሊንክድኢን ላውራ። "ከቡና ዋጋ ጋር ምን አገናኘው?" የምትሉ ካላችሁ፣ ወደ መጨረሻው በዶላር አሰላዋለሁ።

አብዛኞቻችን ሊንክድኢን ትዝ የሚለን መጋዘን ውስጥ ቡና ሲቀመጥብን ነው። ስሙን በቅጡ ላላነበብነው የጀርመን ወይም የኮሪያ ገዢ የግንኙነት ጥያቄ እንልካለን። በተቀበለን ደቂቃ ደግሞ "ይርጋጨፌ ደረጃ 1፣ ሦስት ኮንቴነር ዝግጁ፣ ጥሩ ዋጋ አለን" እንላለን። ለመቶ ሰው ያችኑ መልእክት። ከዚያ "እነዚህ ሰዎች አይመልሱም" ብለን እናማርራለን።

ምን ብሎ ይመልስ? መልእክታችን የምትነግረው ሁለት ነገር ነው፤ ቡና እንዳለንና መሸጥ እንደቸኮልን። የመጀመሪያውን መቶ ላኪ ይለዋል። ሁለተኛው የሚጠቅመው ዋጋ ለማስወረድ ነው። ገዢው ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ ናሙናውና የሚጫነው ቡና አንድ ይሆናል ወይ? ጭነት ቢዘገይ ይነግሩኛል ወይስ ስልክ ያጠፋሉ? ዋጋ ቢወጣ ውላቸውን ያከብራሉ ወይ? እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አረቢካ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ ቀደም ብሎ በዝቅተኛ ዋጋ ለተዋዋለ ገዢ ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። መልሱ ደግሞ በጊዜ የሚታይ እንጂ በአንድ መልእክት የሚላክ አይደለም።

ይህን ሳናውቀው ቀርተን አይደለም። መርካቶ ውስጥ ዱቤ ለደንበኛ እንጂ ለመንገደኛ አይሰጥም። አቅራቢም ገበሬው ጋ የሚከበረው ለቅሶና ሠርግ ደርሶ ነው። ሊንክድኢን ላይ ግን ያን ሁሉ ረስተን እንደ መንገድ ላይ ሻጭ የመኪና መስኮት እናንኳኳለን።

እኔ እንደማምነው ሥራው መጀመር ያለበት ከለቀማው በፊት፣ ክረምት ላይ ነው። የዚያን ጊዜ የምንሸጠው ነገር የለም፤ የምንነግረው ግን ሞልቷል። ዝናቡ እንዴት ነው? ፍሬው እንዴት ያዘ? ለቀማ ሲጀመር ደግሞ እሸት በኪሎ ስንት ገባ? አልጋ ላይ ያለው ቡና እንዴት እየደረቀ ነው? ሴኡል የተቀመጠ ሮስተር ይህን ከጠረጴዛው ላይ አያገኘውም። አንድ ዩኒየን በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ፎቶና ሦስት መስመር ቢጽፍ በቂ ነው። አርማ ብቻ ሳይሆን የሚጽፈው ሰው ፊትም ይታይ።

የእነሱንም እናንብብ። ገዢው የታጠበ ነው የሚገዛው ወይስ ያልታጠበ? የሚፈልገው እኛ ጋ ከሌለ "የለንም፣ እገሌ ዘንድ ታገኛለህ" እንበለው። ዝናብ ምርቱን ከጎዳው ከሌላ ሰው ሳይሰማ ከእኛ ይስማ። ጠዋት ጠዋት የአበባ ፎቶ እየላኩ "ብራዘር" ማለት ግን ግንኙነት አይደለም፤ ሽንገላን ማንም ይለያል።

የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግም እዚህ ይገባል። ተግባራዊነቱ ቢራዘምም ሕጉ ቡና የተመረተበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ደግሞ ዙሪያ ድንበሩን። በዚያ መረጃ ኃላፊነት የሚወስደው አስመጪው ነው። ትናንት ከተዋወቀው ሰው ተቀብሎ የሚፈርም ይመስላችኋል? አባላቱን በስም የሚያውቅ ዩኒየን እዚህ ላይ ከማንም ይበልጣል፤ ግን ገዢው ዩኒየኑን ካወቀው ነው።

"የባንክ ወለድ እየቆጠረ ማን ወዳጅነት ይጠብቃል?" የምትሉ አትሳሳቱም። ዛሬ መጋዘን ያለውን በምታውቁት መንገድ ሽጡ፤ አዲስ ትውውቅ ለእሱ አይደርስም። እኔ የማወራው ስለ ሚቀጥለው ዓመት ቡና ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። አንድ ኮንቴነር 320 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ ቢይዝ 19,200 ኪሎ፣ ማለትም 42,300 ፓውንድ ገደማ ነው። የሚያምነን ገዢ በዲፈረንሻሉ ላይ 10 ሳንቲም ብቻ ቢጨምር በኮንቴነር 4,230 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ይጨምራል ብዬ አልምልም። የማያውቀን ግን ስጋቱን ከዋጋችን ላይ እንደሚቀንስ እወቁት። የኒውዮርክን ዋጋ እኛ አንወስነውም፤ ስማችንን ግን እኛ ነን የምንሠራው።

እስቲ በዚህ ሳምንት አሥር ገዢ ምረጡና ዋጋ ሳትልኩ የጻፉትን አንብቡ፤ የምታውቁት ነገር ካለ መልሱላቸው። በዚህ መንገድ ደንበኛ ያፈራችሁ ካላችሁ ተሞክሯችሁን ከታች አካፍሉን።

መልካም የገበያ ሳምንት።