እንጨት ተሸካሚዋ አያት

የቤተ ሰብ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አርበኛው አያትና መሪጌታው ቅድመ አያት በመጀመሪያው ገጽ ይቀመጣሉ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ልጆቿን ያሳደገችው አያት ግን «የቤት እመቤት ነበረች» ተብላ ትታለፋለች። ምክንያቱም እንጨቱ በሕግ የሌላ ነበርና፥ ልጆቿ መናገሩን ያፍሩበታል።

ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ፥ የአካባቢው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ ስለ ተመናመነ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ። ከተማዪቱም በእርሱ ስትጋግርና ስትሞቅ ኖረች። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሲሆን ጫካውም የመንግሥት ሆነ፤ ዘበኛም ይጠብቀው ነበር። እንጀራ ግን ያለ ማገዶ አይጋገርምና፥ በየካ፥ በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በኮተቤ የሚኖሩ ድኾች ሴቶች ገና ሳይነጋ ወደ ተራራው መውጣታቸውን አልተዉም። ቅጠሉንና ጭራሮውን ለቅመው፥ በገመድ አስረው፥ ወገባቸው እስኪጐብጥ ድረስ አዝለው በዳገቱ ይወርዱ ነበር። ዘበኛ ያገኛት ሴት ሸክሟን ትነጠቃለች፤ አንዳንዱ ጉቦ ይጠይቃታል፤ የተደበደቡም፥ ከዚያም የከፋ ግፍ የደረሰባቸውም አሉ።

ጫካውን መጠበቅ ስሕተት ነበር አንልም፤ የተራቈተ ተራራ ጐርፉን ወደ ከተማ ይሰዳልና። ነገር ግን ነቢዩ ኤልያስ ወደ ሰራፕታ በሄደ ጊዜ ያገኛት መበለት ለልጇና ለራሷ የመጨረሻውን እንጐቻ ልትጋግር እንጨት ትለቅም ነበር። እንጨቱ የማን እንደ ነበረ መጽሐፍ አይነግረንም፤ ስለ ዱቄቷና ስለ ዘይቷ ግን ይነግረናል።

በእንግሊዝ ሀገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1723 የወጣ ሕግ ፊቱን አጥቍሮ፥ መሣሪያ ይዞ የባለርስት አጋዘን ያደነውን ሰው በሞት ይቀጣ ነበር። ዛሬ ዘሮቻቸው የእነዚያን ድኾች ስም ከፍርድ ቤት መዝገብ ፈልገው በቤተ ሰብ ታሪካቸው ይጽፋሉ። የእንጦጦዋ እናት ሸክሟን በጫካ መንገድ ስትነጠቅ ግን ጸሓፊ አልነበረም። መዝገቡ የእርሷ አፍ ብቻ ነው።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብዙው ስፍራ መልኩን ለውጧል። ስለዚህ እማማ በሕይወት ካሉ፥ በሰንበት ቡናው ሲፈላ ጠይቋቸው፤ በየትኛው መንገድ ይወጡ ነበር? ዘበኛው የት ይቆም ነበር? እስሩን ለማን ይሸጡ ነበር? በዋጋውስ መጀመሪያ የሚገዙት ምን ነበር? መልሳቸውን ከክርስትና ስማቸው አጠገብ ጻፉት።