ለሞተር ቢስክሌት የፊት እግር የሚስማማውን ዘይት ስለ መምረጥ

የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ማጀት ሥራና ስለ ጤና አጠባበቅ የሚነገርበት ስፍራ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ ሞተር ቢስክሌት ዘይት ለመጻፍ ብዕሬን ማንሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስላችሁ አይቀርም። ነገር ግን አንድ ቤተ ሰብ የዕለት እንጀራውን በሁለት ጎማ ላይ ተማምኖ የሚያድር ሲሆን፥ የዚያ ጎማ ደኅንነት ከመሶቡና ከምድጃው ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ይህንንም የተማርሁት በገዛ ቤተ ሰቤ ላይ ከደረሰው ነገር ነው።

የታላቅ እኅቴ ልጅ ሕዝቡ ዶቅዶቄ በሚለው በሞተር ቢስክሌት ዕቃ እያደረሰ እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን የሚረዳ ወጣት ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ቢስክሌት ያለ ፈቃድ በከተማው ውስጥ እንዳይነዳ ከከለከለ ወዲህ ፈቃዱን ለማግኘት ብዙ ደጅ ጠንቶ ነበር። ሞተሩ በብድር ሲገዛም ዋስ ሆኜ የፈረምሁት እኔ ነኝ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ የዋስ ፊርማ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁና፥ ስለ ሞተሩ ሁኔታ ሁልጊዜ እጠይቀው ነበር፤ እርሱም «ጋሼ፥ ምንም አልሆነም» ይለኝ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የክረምት ወራት ግን ከሞተሩ የፊት እግሮች በአንደኛው ላይ ዘይት እየወዛ መውረድ ጀመረ። ልጁ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስዶ ቢያሳይ፥ በዚያ ያገኘው ሠራተኛ «ዘይቱ ቀጥኖ ነው የሚያመልጠው፤ ወፍራም ከጨመርንበት ይቆማል» ብሎ ለሞተሩ ሆድ የሚገባውን 20 ደብልዩ 50 የተባለውን ዘይት በሚያፈስሰው እግር ብቻ ጨመረለት። ዋጋው ርካሽ ስለ ነበረ ልጁ ደስ ብሎት ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲሄድ፥ በአፍንጮ በር ቁልቁለት ላይ ሳለ ዝናብ ጣለ። ከፊቱ የቆመ ታክሲ አይቶ የፊቱን ፍሬን ቢይዝ፥ ከእግሩ የወረደው ዘይት የፍሬኑን ዲስክ ቀብቶት ኖሮ አልያዘለትም፤ የደነደነውም እግር ጎማውን ከመንገዱ ላይ ሲያነጥረው ጊዜ መሪው ከእጁ አመለጠና ወደቀ። ታክሲውን አልነካም፥ ሌላም ሰው አልጎዳም፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። የቀኝ ክንዱ አጥንት ግን ተሰበረ። ለሁለት ወር ያህል ያ ቤት ያለ ገቢ ቀረ፤ ብድሩንም እንደ ፊርማዬ የከፈልሁት እኔ ነበርሁ።

ክንዱ ሲጠግን ሞተሩን ወደ አንድ ሸምገል ያሉ ሜካኒክ ዘንድ ይዘነው ሄድን። እኒህ ሰው ሁለቱን እግሮች ፈትተው ዘይቱን በሁለት ብርጭቆ ለየብቻ ቀድተው አሳዩን። ከአንደኛው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወፍራም፥ ከሌላው የብረት ብናኝ ያለበት አመድማ ቀጭን ዘይት ወጣ። «ጌታዬ፥ እርስዎ አንዱን እግርዎን በቦት ጫማ፥ አንዱን በባዶ አድርገው ቁልቁለት ይወርዳሉን?» ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ በኋላ ከእርሳቸው የሰማሁትንና ከሠሪዎች መጽሐፍ ያነበብሁትን አስተባብሬ ለአንባብያን ጥቅም ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ።

ሜካኒኮች ከጣሊያንኛ ወስደው ፎርኬላ የሚሉት የፊት እግር፥ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ እየገባና እየወጣ የሚሠራ ሲሆን፥ በውስጡ ሞላና ዘይት አለበት። በጥንት ጊዜ ከነበሩት ሞተሮች ብዙዎቹ ሞላቸው በውጭ የሚታይ ነበር፤ መንጠሩንም የሚገታው በመፋተግ የሚይዝ መሣሪያ እንጂ ዘይት አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. ቢ ኤም ደብልዩ የተባለው የጀርመን ኩባንያ አር 12 በተባለው ሞተሩ ላይ በዘይት የሚገታውን የቱቦ እግር አወጣ፤ ከዚያም ወዲህ ይህ አሠራር በዓለም ሁሉ ተስፋፋ።

የአሠራሩም ምክንያት ይህ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሞላው ይታመቃል። ሞላ ግን የተቀበለውን ኃይል መልሶ የሚሰጥ እንጂ የሚያጠፋ አይደለም፤ ለብቻው ቢተዉት እንደ ልጆች ኳስ ደጋግሞ ይነጥራል። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እየሾለከ ሲያልፍ ያንን መንጠር ይገታዋል፤ የተገታውም ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ዘይቱ ከሚገባው በላይ የቀጠነ እንደ ሆነ ሞተሩ በየጉድጓዱ ይዋዥቃል። ከሚገባው በላይ የወፈረ እንደ ሆነ ደግሞ በቀዳዳው ቶሎ ማለፍ ስለማይችል እግሩ ይደነድናል፤ ጎማውም በኮብልስቶን ላይ ድንጋዩን ተከትሎ በመውረድ ፈንታ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘልላል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይታዘዝም።

እንግዲህ ውፍረቱ በምን ይታወቃል? በቆርቆሮው ላይ 5 ደብልዩ፥ 10 ደብልዩ፥ 15 ደብልዩ፥ 20 ደብልዩ የሚሉ ስሞች ተጽፈው ይገኛሉ፤ ቍጥሩ በጨመረ መጠን ዘይቱ ይወፍራል። ነገር ግን በእኛ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሽፋን ጉዳዩን ያመለክታል እንጂ ፍርዱን እንደማይናገር ሁሉ፥ ይህም ስም ብቻውን የሚታመን ምስክር አይደለም። የፎርኬላ ዘይት ሠሪዎች ሁሉ በአንድ ልክ አይሰይሙምና፥ አንዱ 10 ደብልዩ ብሎ የሚሸጠው ከሌላው 15 ደብልዩ ጋር ሊተካከል ይችላል። እውነተኛው ምስክር ሴንቲስቶክ በሚባል መስፈሪያ የተለካው ውፍረት ነው። ማር በማለዳ ብርድ አልፈስስም ብሎ በፀሐይ ሲቀመጥ እንደሚቀጥን፥ ዘይትም እንደ ሙቀቱ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ልኩ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተወሰደው ሊሆን ይገባል። 10 ደብልዩ ከሚባሉት መካከል በዚህ ሙቀት ወደ 30 ሴንቲስቶክ የሚሆን አለ፤ ከ45 የሚበልጥም አለ። ይህም ልክ ሠሪው ስለ ዘይቱ በሚያወጣው የመግለጫ ወረቀት ላይ ይገኛል። ከሁሉ በፊት ግን ከሞተሩ ጋር የመጣው መጽሐፍ የሚያዝዘውን ዓይነትና ልክ ማንበብ፥ ከዚያም ከዚህ ልክ ጋር የሚስማማውን መፈለግ ነው።

የዘይቱ መልክ ደግሞ ማንንም አያታልል። ቀይ ወይም ሰማያዊ የሚሆነው በተጨመረበት ቀለም እንጂ በውፍረቱ ምክንያት አይደለም።

በየሱቁ ያሉትንም ሌሎች ዘይቶች እንመልከት። የሞተር ዘይት የሆነው 20 ደብልዩ 50 በ40 ዲግሪ ላይ ከተለመደው 10 ደብልዩ የፎርኬላ ዘይት ከሦስት እጥፍ በላይ የሚወፍር ነው፤ ለልጃችን የተጨመረለትም ይኸው ነበር። ኤ ቲ ኤፍ የሚባለው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ግን ውፍረቱ ከ10 ደብልዩ ብዙ የሚርቅ አይደለም፤ ቀድሞ ከተሠሩት የሆንዳ ሞተሮች አንዳንዶቹም መጽሐፋቸው ራሱ ይህንኑ ያዝዝ ነበር። መጽሐፉ ካዘዘው የሚያስነቅፍ ነገር የለበትም፤ ካላዘዘው ግን በግምት አይደረግም። የፍሬን ዘይት ከቶ አይገባም፤ ስሙ ዘይት ይባል እንጂ በተለመደው አሠራሩ ዘይት አይደለም፤ እንደ ዘይት አያለሰልስም፥ ቀለም ይልጣል፥ ለማዕድን ዘይት የተሠራውንም ጎማ ያበላሻል። የወጥ ዘይት ደግሞ በሙቀትና በአየር እየረጋ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ለምድጃው ይተውለት።

ዘይት የማይፈውሰው በሽታ እንዳለም መታወቅ አለበት። አንደኛው ማፍሰስ ነው። ዘይቱን የሚይዘው፥ ሜካኒኮች ኦይል ሲል የሚሉት የጎማ ቀለበት ሲቀደድ ወይም ቱቦው ሲጫር፥ ወፍራም ዘይት ቢጨምሩበት መውረዱን ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያቆመውም፤ መድኃኒቱ ቀለበቱን መለወጥ ነው። ሁለተኛው ፍሬን ሲይዙ አፍንጫው ወደ መሬት መደፋቱ ነው። ዘይት የሚወስነው የመደፋቱን ፍጥነት ሲሆን፥ ምን ያህል እንደሚደፋ በይበልጥ የሚወስነው ሞላው ነው። የደከመ ሞላ በወፍራም ዘይት አይበረታም።

ከዘይቱ ዓይነት ቀጥሎ መጠኑ ነው። በትንንሽ ሞተሮች በእያንዳንዱ እግር የሚገባው ከአንድ የውሃ ብርጭቆ ብዙ የማይርቅ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ስሕተት ብዙ ያጎድላል። ከዘይቱ በላይ የቀረው አየር ሲታመቅ እንደ ሁለተኛ ሞላ ይሆናል፤ ዘይቱ ሲበዛ አየሩ ስለሚጠብብ እግሩ ይደነድናል፥ ግፊቱም ቀለበቱን ገፍቶ ያፈስሳል። ስለዚህ ሁለቱ እግሮች በአንድ ቀን፥ በአንድ ዓይነት ዘይት፥ በእኩል ልክ ይሞላሉ። አሮጌውም ተንጠፍጥፎ ይወጣል እንጂ አዲሱ በላዩ አይጨመርም። ብዙ መጻሕፍት ሁለት ልክ ይሰጣሉ፤ አንዱ ዘይቱ ብቻ ሲለወጥ፥ ሌላው እግሩ በሙሉ ተፈትቶ ሲታጠብ ነው። የላይኛው ክዳን ታምቆ በተቀመጠ ሞላ የሚገፋ በመሆኑ ሲፈታ ፊትን ሊመታ ይችላልና፥ ሥራው ለሚያውቅ ሰው ይተው። የዘይቱ ሰው ግን ባለ ሞተሩ ራሱ ይሁን፤ ይኸውም ገዝቶ የሚያመጣው፥ ሲገባም ቆሞ የሚያይ እርሱ ይሁን ማለቴ ነው።

በቤት ውስጥ ማንም ሊያደርገው የሚችል ምርመራ ደግሞ አለ። በሳምንት አንድ ቀን የፊት እግሮቹን ቱቦ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠርጎ፥ ሞተሩን በእጅ አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ፥ ከዚያም መልሶ መጥረግ ነው። በጨርቁ ላይ ዘይት ከታየ ሥራው ለነገ አይባልም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ዘይት የነካውም የፍሬን ሸራ ይለወጣል እንጂ ተጠርጎ አይታመንም። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት አዲሶች ሞተሮችም የሞተር ዘይት ባይፈልጉ፥ የፊት እግራቸው በዘይት የሚሠራ ከሆነ ይህ ሁሉ እነርሱንም ይመለከታል።

ሽማግሌው ሜካኒክ ሁለቱን ቀለበቶች ለውጠው፥ መጽሐፉ ያዘዘውን ዘይት በመስፈሪያ ልክ ሞሉ። የወጣውንም አሮጌ ዘይት ወደ ወንዙ ሳይደፉ በጀሪካን አኖሩት። የከፈልነው ዋጋ ከሁለት ወር ብድር አንዱን እጅ እንኳ አይሆንም ነበር። እኔም የዘይቱን ስም፥ በ40 ዲግሪ ያለውን ልክ፥ የእያንዳንዱን እግር መጠንና የተለወጠበትን ቀን በአንድ ወረቀት ጽፌ በሞተሩ መጽሐፍ ሽፋን ውስጥ ለጠፍሁለት።

ልጁ ዛሬ በሥራው ላይ ነው። ባለፈው እሑድ እኅቴን ልጠይቅ ብሄድ፥ ነጭ ጨርቅ በእጇ ይዛ በደጁ ከቆመው ሞተር አጠገብ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። «እትዬ፥ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላት፥ ጨርቁን ዘርግታ አሳየችኝና «ደረቅ ነው» አለችኝ።