የአንጎል ሥዕልና የአንድ ሰው ሕመም

ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በነጌሌ ቦረና ወይም በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ፣ እጁ ያለ ፈቃዱ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት ሲታይ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ቤተሰቡ አቅም ያለው እንደ ሆነ ደግሞ ከብት ሸጦ ወደ ትልቅ ከተማ ይወስደውና የአንጎሉን ሥዕል ያስነሣል። መልሱ «ምንም የለም» የሚል ሲሆን ግን ገንዘቡ አልቆ፣ ሕመሙ እንዳለ ይመለሳል። ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ስለዚሁ ነው።

ሕመሙ ፓርኪንሰን ይባላል። ይህን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ ሕመሙ ጽፎ ካሳተመው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በአንጎል ውስጥ፣ ጠቆር ባለች አንዲት ትንሽ ሥፍራ፣ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ እየሞቱ ሲሄዱ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይገትራል፣ እጅ ባረፈበት ይንቀጠቀጣል። ሕመምተኛው ጸሐፊ እንደ ሆነ ፊደሉ እያነሰ ይሄዳል፤ በቦረና ኤላ ተሰልፎ ውሃ የሚያቀባብል እንደ ሆነ ባልዲው ከእጁ ይዘገያል፤ ሲራመድ አንድ ክንዱ አይወዛወዝም።

ሲቲ ስካንና ተራው ኤም አር አይ የሚያሳዩት የአንጎልን ቅርጽ ነው። ዕጢን ወይም የደም መፍሰስን ለመለየት እጅግ ይጠቅማሉ። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ አንጎል ግን በነዚህ ሲታይ ብዙውን ጊዜ የጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ «በሥዕሉ ምንም የለም» ማለት «ሕመም የለም» ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የተፈቀደው ዳት ስካን የዶፓሚን ሕዋሳትን መጉደል ያሳያል፤ ነገር ግን የሚሠራበት ጨረር አመንጪ አዮዲን በየ13 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከፋብሪካው ርቆ ለሚገኝ አገር አይመችም። ፓርኪንሰንን ከሌላው ተራ መንቀጥቀጥ ቢለይም፣ የቅርብ መሰሎቹ ከሆኑት ሕመሞች አይለየውም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሊቃውንት ኮምፒዩተር ሥዕሎችን መርምሮ ሕመሙን እንዲለይ ማስተማር ይዘዋል። ጥረቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም የብዙ ሕመምተኞች አማካይ ከብዙ ጤነኞች አማካይ ተለየ ማለት፣ በፊታችን የተቀመጠውን አንድ ሰው ለየነው ማለት አይደለም። ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ይረዝማሉ፤ ቁመቱን ብቻ ሰምተን ግን ሰውየው ወንድ ነው ወይስ ሴት ብንባል ልንስት እንችላለን። በአንድ ሆስፒታል መሣሪያ የተማረ ኮምፒዩተርም በሌላው መሣሪያ ሊሳሳት ይችላል። የእኛን ሰዎች አንጎል ሳያይ የተማረውንማ በእኛ ሰው ላይ ፈራጅ ከማድረጋችን በፊት መፈተን ይገባናል።

ዕውቀት መሣሪያን ብቻ የሚጠብቅ አለመሆኑን በአገራችን ያየነው አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር ከ60,000 በሚበልጥ ሕዝብ መካከል ቤት ለቤት በመጠየቅና የተጠረጠሩትን በመመርመር የነርቭ ሕመሞችን፣ ፓርኪንሰንንም ጭምር፣ ለይተዋል።

እንግዲህ በቆላው ከተሞች ለምትሠሩ ወጣት ሹማምንት የምንለው ይህ ነው። የጤና ባለሙያው ሕመምተኛውን አስነሥቶ ያስኪደው፤ ጣቶቹን እያከፋፈተ እንዲያጋጥም ይዘዘው፤ ክንዱን ይዞ መገተሩን ይፈትሽ። የሚወስደውንም መድኃኒት ይጠይቅ፤ አንዳንድ የአእምሮ ሕመምና የማስመለስ መድኃኒቶች ይህንኑ መንቀጥቀጥ ያመጣሉና። የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ተራ ያስገባው ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር ሕመሙን ነቅሎ ባያድንም እንቅስቃሴን ያቃናል፤ ዛሬ ተገኝቶ ነገ እንዳይታጣ መጠበቅ የአስተዳደር ሥራ ነው። ኮምፒዩተር የምትማሩ ተማሪዎች ደግሞ ከሐኪሞች ጋር ሆናችሁ፣ በሕመምተኞች ፈቃድ የአገራችንን ሥዕሎች ሰብስቡ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ያልደበቀውንስ አይተን «እርጅና ነው» ብንለው፣ የደበቅነው እኛ መሆናችን አይደለምን?